አቧራ የዋጠው ቁጥር

ሰው ሁሉ «እምቢዬ» ነው የሚላት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የፋብሪካው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያም በስሟ ሲጠሯት «ማንን ነው?» ብላ ወደ ኋላ ትዞራለች እየተባለ ይቀለድባታል።

ቅጽል ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሱና ሚስቱ ናቸው። ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ክትባት ሊያስወጋት ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ። ነርሷ ወግታት ስታበቃ በአንድ እጇ ጥጥ፣ በሌላው ከረሜላ ይዛ፣ «አላመመሽም አይደል፣ የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

«አሞኛል» አለች ልጅት።

«ጎበዝ ልጅ እኮ አላመመኝም ነው የሚለው። በይ፣ አላመመኝም በይና ከረሜላሽን ውሰጂ።»

ልጅት ከረሜላውን አየች፤ ክንዷን አየች፤ ተመልሳ ከረሜላውን አየች። «እምቢ! አሞኛል!»

ነርሷ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻም ለመነች። ወይ ፍንክች! አጎቷ ባዶ እጇን ይዞ ሲያወጣት፣ «አንቺ እምቢዬ፣ አንዲት ቃል ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?» አላት። «አሞኛላ!» አለችው። እሱም ወሬውን ሳያሳድር ለሥራ ባልደረቦቹ አወራው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልተረፋትም።

አጎቷ ራሱም በስሙ አይጠራም ነበር። የሚሠራው በፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲሞላ፣ ጆንያ ሲሰፋ፣ ጆንያ ሲደረድር ስለኖረ «ጋሽ ጆንያ» ይሉታል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ የሚያደነቁር፣ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። ልጅቷ እምቢታውን ከማን እንደወረሰች የጠየቀ አልነበረም።

ፋብሪካው ከባዱን ጥቁር አሸዋ ከወንዝ ዳር እያስመጣ ያደርቃል፣ ይለያል፣ ይፈጫል፣ በጆንያ አሽጎ ይሸጣል። ከጥቁሩ አሸዋ መሐል አልፎ አልፎ ቢጫማ ፍሬ ይገኛል። ዋጋ ያለው እሱ ነው፤ መዘዙም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ፍሬው ከተፈጥሮው ጨረር ያመነጫል። ደረቅ ሆኖ ሲፈጭ ብናኙ እንደ ጉም ይነሣል፤ ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ፊት ለፊት የቆመው ሰው የማይለይባቸው ሰዓቶች ነበሩ። አክስቷ የባሏን ሸሚዝ ከማጠቧ በፊት ውጭ አውጥታ እንደ ምንጣፍ በዱላ ትመታው ነበር። አንዳንዴም እልህ ይይዛትና ለሸሚዙ የሚበቃው ዱላ ካለቀ በኋላም ትመታዋለች።

እምቢዬ አድጋ ፊዚክስ ተማረች፤ ቀጥላም የጨረር መለካት ሥራ ሠለጠነች። ጎበዝ ስለነበረች ከተማ ውስጥ፣ ንጹሕ ነጭ ጋወን ለብሳ የምትውልበት ቦታ ሊሰጧት ፈልገው ነበር። እሷ ግን አጎቷ በሚሠራበት ፋብሪካ የአየር ለኪ የሥራ ቦታ መከፈቱን ስትሰማ እዚያ አመለከተች። «ሰው ከአቧራ ይሸሻል፣ አንቺ ትገቢበታለሽ?» አለቻት አክስቷ። «የምለካው አቧራ አይደል? ከተማ ምን እለካለሁ፣ ሽቶ?» አለቻት።

ሥራው ለነገሩ ቀላል ይመስላል። ፓምፕ አየሩን ይስባል፤ አየሩ በክብ ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ሲያልፍ ብናኙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ወረቀቱ መቁጠሪያ መሣሪያ ሥር ይገባና ከብናኙ የሚወጣው አልፋ የተባለው ጨረር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የተቆጠረው ለተሳበው አየር ሲካፈል፣ ሰዉ የሚተነፍሰው ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል። ትኩስ ወረቀት ግን አይቆጠርም። በማንም ሰው ሳሎን አየር ውስጥ ሳይቀር የሚገኙ፣ ተወልደው ቶሎ የሚሞቱ ጨረር አመንጪዎች አብረው ስለሚያዙ፣ እነሱ እስኪያልፉ ቀናት መታገሥ ያስፈልጋል።

አልፋ ደግሞ ጠባዩ የተለየ ነው። ጉልበቱ ኃይለኛ፣ መንገዱ አጭር። አንድ ወረቀት ይመልሰዋል፤ የሰው ቆዳም ይመልሰዋል። ጣጣው ሲተነፍሱት ነው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ በእሱና በሥጋ መሐል ገላጋይ የለም።

ሥራ በጀመረች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ነገር አላስተኛት አለ። የየቦታው ልኬት ሲደረደር፣ በሩ ላይ ያለችው የዘበኛው ጎጆ ከማሸጊያ ክፍሉ የበለጠ ጨረር አላት! ዘበኛው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ አጎቷ ቀኑን ሙሉ ጉም ውስጥ ይዋኛል፤ ቁጥሩ የሚያዝነው ግን ለዘበኛው ነው።

ለላቦራቶሪው ኃላፊ አሳየችው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጡረታው የቀረበ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር። «ታዲያ ዘበኛውን ማስክ አልብሺዋ!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ከእኔ በፊትም እንዲህ ነበር?»

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ማሸጊያ ክፍሉ የተመሰከረለት ነው። አትነካኪው።»

አትነካኪው መባሉ ለእሷ ግብዣ ነበር። ከማሸጊያ ክፍሉ የመጣውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ታየው ጀመር። ወረቀቱ ሙሉ ፈረቃ ሲስብ ስለሚውል፣ ነጭነቱ ጠፍቶ፣ አቧራው ወፍሮ በላዩ ተከምሯል። የዘበኛው ወረቀት ግን ጥቂት ጠቃጠቆ ብቻ ነው ያለበት። ያኔ ነገሩ ገባት። አልፋን አንድ ወረቀት የሚመልሰው ከሆነ፣ እንዲህ ያለ የአቧራ ብርድ ልብስማ እንዴት አድርጎ ያሳልፈዋል? ከላይ ያለው ብናኝ ብቻ ሲጮህ፣ ከታች የተቀበረው ድምፁ ታፍኖ ይቀራል፤ በላዩም ጨረር የሌለው የጥቁሩ አሸዋና የጆንያው ቃጫ ብናኝ ሲጨመርበት ጨርሶ ዝም ይላል። ክፍሉ ይበልጥ በቆሸሸ ቁጥር ቁጥሩ ይበልጥ ያምራል ማለት ነው!

ሌላም ነበረ። ወረቀቱ በአቧራ ሲደፈን ፓምፑ ይታነቃል፤ ማታ ላይ የሚስበው አየር ጠዋት ከሚስበው እጅግ ያነሰ ነው። ስሌቱ ግን የጠዋቱን ይዞ፣ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበቱ እንደሳበ አድርጎ ያካፍላል። ሁለቱም ስሕተቶች የሚጎትቱት ወደ ታች ነው። አንዱ እንኳ ተሳስቶ ወደ ላይ አይሄድም።

ከዚያ ወዲያ በራሷ መንገድ መለካት ጀመረች። ፈረቃውን ሙሉ ትለካለች፤ ወረቀቱን ግን ገና ሳይወፍር ቶሎ ቶሎ ትቀይራለች። ፓምፑ ሲጀምርም ሲያበቃም ምን ያህል እንደሚስብ ታያለች። ፓምፑንም ግድግዳ ላይ ከመስቀል ሠራተኛው ወገብ ላይ አስራ፣ ማጣሪያውን አፍንጫው አጠገብ ኮሌታው ላይ ትሰካለች። ቀናት ጠብቃ ትቆጥራለች። በዚህም አልበቃትም። ከወፍራሙ ወረቀት አንዱን ወስዳ አቧራውን በጠንካራ ትኩስ አሲድ አሟሟችው፤ በሰፊ የብረት ሰሃን ላይ ስስ አድርጋ አድርቃ ቆጠረችው። በአቧራ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ ብቅ አለ። ማሸጊያ ክፍሉ የተመሰከረለት ሳይሆን ማንም ሰው ያለ መከላከያ ሊቆምበት የማይገባ ቦታ ሆኖ ተገኘ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሳትጠብቂ ትኩሱን ቆጥረሽው ይሆናል።»

«ጠብቄአለሁ።»

«መሣሪያው...»

«መሣሪያውን ሦስቴ ፈትሼዋለሁ። ከፈለጉ አብረን እንፈትሸው።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸ። «በይ ወደ ላይ ውጪና ንገሪ። እኔ ደረጃ መውጣት ያደክመኛል» አላት።

ሥራ አስኪያጁ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ቢሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ምሕንድስና የተማረ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ያሰበችውን ሁሉ ዘክዝካ ስትነግረው ሳያቋርጥ አዳመጣት። እሷ ሲደነግጥ፣ ሲከራከር፣ ወይም ሲቆጣ ለማየት ነበር የተዘጋጀችው። እሱ ግን ሻዩን አማሰለና፣ «አውቃለሁ» አላት።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። እኔም ተምሬዋለሁ እኮ። አቧራ አልፋን እንደሚውጥ የማላውቅ መሰለሽ? ግን መመሪያው ‹አንድ ወረቀት፣ አንድ ፈረቃ› ይላል። እኛ መመሪያውን እንከተላለን። መመሪያው ከተሳሳተ ጥፋቱ የመመሪያው ነው።»

«መመሪያው አይተነፍስማ!» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «ስሚኝ፣ እኅቴ። የማሸጊያ ክፍሉን ቁጥር በድሮው መንገድ ስጪኝ። አንቺም በሰላም ትሠሪያለሽ፣ እኔም በሰላም እሠራለሁ።»

«እምቢ።»

«ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኩ። ቁጥሩ ውሸት መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ስሕተት ይባል ነበር። አውቄ ከሰጠሁዎ ሌላ ስም አለው።»

በማግስቱ ወደ ውኃ ክፍል ተዛወረች። ከእንግዲህ የምትለካው የማጠቢያ ውኃ ጨው ነው ተባለ። እሷም የውኃውን ጨው እየለካች፣ በሻይ ሰዓቷ ግን አንድ ፓምፕ ይዛ ማሸጊያ ክፍል ብቅ ማለቷን አልተወችም።

ለካስ የባሰው ጠብ እዚያ ነው የሚጠብቃት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር፦ «የጋሽ ጆንያ ልጅ ክፍሉን ልታዘጋ ነው።» ሠራተኞቹ ስትመጣ ጀርባቸውን ይሰጧታል። አንዱ «እንጀራችንን በወረቀት ልትጠቀልል መጣች» ይላል፤ ሌላው ፓምፑን ሲያስር ሆን ብሎ ያጣምመዋል። አጎቷ ብቻ ሳያንገራግር ፓምፑን ታጠቀላትና ደስ አላት። በኋላ ማጣሪያውን ስታወጣው ግን እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ አገኘችው።

ቤት ገብታ ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጠችለት። «ጋሼ፣ ዛሬ ሳትተነፍስ ነው የዋልከው?»

አጎቷ ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አቃተው። «በመስኮት በኩል ውጭ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ንጹሕ አየር ሲጠጣ ዋለልሽ።»

«ይኼ ቀልድ ነው?»

ሳቁ ቆመ። «አይደለም። ቁጥርሽ ከፍ ካለ ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ እነዚያ ሁሉ ሰዎች የት ይግቡ? አንቺ ተምረሻል፤ ሌላ ቦታ ይወስዱሻል። እኛ ከጆንያ ሌላ ምን እናውቃለን?»

«ቁጥሩ ዝቅ ስላለ አየሩ ይጸዳል?»

«ስንት ዓመት ተነፈስኩት፤ ይኸው እንደ በሬ ቆሜ እሄዳለሁ!» ብሎ ደረቱን መታ። ደረቱን በመምታቱ ሳል ቀሰቀሰበት።

ያን ጊዜ አክስቷ ገባች። «ሁለታችሁም የአንድ ምድጃ ፍም ናችሁ፤ አንዱ ሲፋጅ ሌላው ይነዳል። እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሸሚዙን ኮሌታ የማጥበው እኔ ነኝ። ከኮሌታው የሚወርደውን ጥቁር ውኃ የማየው እኔ ነኝ። እሷ ቁጥር ትላለች፣ አንተ ሥራ ትላለህ። እኔ ደግሞ ባሌን እላለሁ!» ብላ በሩን ደርግማ ወጣች። እምቢዬና አጎቷ ያን ዕለት በሰላም አልተለያዩም።

በየወሩ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ምግብ ቤት አዳራሽ ተሰብስቦ ስለ ደህንነት ይነገረዋል። የዚያ ወር ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ የማሸጊያ ክፍሉ አየር ደህና መሆኑን ሊያረጋግጥ መሆኑ ተሰማ። በስብሰባው ማንም ሠራተኛ እጁን አውጥቶ የመናገር መብት አለው። እምቢዬ በጠዋት ወደ ምግብ ቤት ኃላፊዋ ሄደች።

«እትዬ፣ ትንሽ ዱቄት፣ ወንፊትና ያንን ምግብ የምትሸፍኚበትን ስስ ላስቲክ ታውሺኛለሽ?»

«ልትጋግሪልን ነው?»

«ለጨረር ሥራ ነው።»

«ዱቄቴን ለጨረር? በኋላ ዳቦው ቢያበራስ!» አለች እትዬ። ግን ሰጠቻት፤ ወሬ የሚገኝበት ነገር መሆኑ ሸቷታልና።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። የማሸጊያ ክፍሉ ሰዎች ከኋላ ተደርድረው፣ ጋሽ ጆንያ መሐላቸው እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን አሳምሮ ሲጨርስ የእምቢዬ እጅ ወጣ። ከላቦራቶሪ መቁጠሪያውን ተሸክማ መምጣቷን ያየው አሁን ነበር።

«ይኼ ስለ ውኃ ጨው ነው?» አላት።

«አይ፤ ስለ አየር ነው። ቶሎ እጨርሳለሁ።»

መከልከል ይችል ነበር። ግን ደህና ነው ብሎ ገና አፉን መግጠሙ ነው፤ ከከለከለ ያስጠረጥራል። ቀጥዪ በሚል እጁን ዘረጋላት።

መቁጠሪያውን ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ ሥሩ አንዲት ሳንቲም የምታህል ክብ ብረት አስገባች። «ይቺ መሣሪያ የምንፈትሽባት ናት። አልፋ ታወጣለች፤ ምን ያህል እንደምታወጣ ይታወቃል። ስሙ።» ድምፁን ከፍ አደረገችው። መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር፤ ደረቅ መሬት ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ከዚያ ስሱን ላስቲክ በቀለበት ወጥራ ከብረቷ በላይ ጋረደችው። ድምፁ ትንሽ ቀነስ አለ እንጂ አልጠፋም።

«አሁን ይኼ የእትዬ ዱቄት ነው። ምንም ጨረር የለበትም። ምሳ ላይ ትበሉታላችሁ።» ሰው ሳቀ። ዱቄቱን በወንፊት ላስቲኩ ላይ ነፋች። ድምፁ ደከም አለ። እንደገና ነፋች። ጠቅ... ጠቅ... እያለ ተራራቀ። ሦስተኛ ስትነፋበት መሣሪያው ጸጥ አለ። ሳቁም አብሮ ጸጥ አለ።

«ብረቷ ሞተች?» አለች እምቢዬ። «አልሞተችም። ተቀበረች።» ላስቲኩን ከነዱቄቱ አነሣችው፤ ጠቅ ጠቅታው እንዳለ ተመለሰ። «የማሸጊያ ክፍሉ ወረቀት ለምን ዝም እንደሚል ይኸው። ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ አቧራው ራሱ አቧራውን ስለሚሸፍን ነው። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ቀይሬ ስለካው ክፍሉ ይጮሃል። የዘበኛው ጎጆ ከእናንተ ክፍል የባሰች ናት ሲባል የኖረው በዚህ ነው።»

ዘበኛው ከበሩ አጠገብ፣ «እኔን ይዛችሁ አትግቡ!» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ሥራ አስኪያጁ ተነሣ። «ይኼ የዱቄት ጨዋታ ነው። መመሪያው...»

ከኋላ አንድ ወንበር ተንኳኳ። ጋሽ ጆንያ ቆሟል። «አንዴ ጌታዬ፣ ይቅርታ። ልጄን ልጠይቃት።» ወደ እሷ ዞረ። «በእኛ ወረቀት ላይ የሚከመረው እንደዚህ ዱቄት ያህላል?»

«ከዚህ ይበልጣል፣ ጋሼ።»

«እሱ ያውቃል?» ብሎ በአገጩ ወደ ሥራ አስኪያጁ አመለከተ።

እምቢዬ ሥራ አስኪያጁን አየችው። እሱም አያት። «ጠይቀው» አለች።

ጋሽ ጆንያ ጠየቀው። «ያውቃሉ?» ሥራ አስኪያጁ ስለ መመሪያው፣ ስለ አሠራሩ፣ ስለ ኃላፊነት ብዙ ተናገረ። አላውቅም ግን አላለም። አዳራሹ ሙሉ ያንን አንድ ቃል ሲጠብቅ ነበረ፤ ቃሉ አልመጣም።

«በቃ ገባኝ» አለ ጋሽ ጆንያ። «ፓምፑን መስኮት ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማ። ከእንግዲህ ኮሌታዬ ላይ ነው የሚውለው። ነገ ማሽኑ ሲነሣ ግን እኔ ውጭ ነኝ። የፈለገ ይከተለኝ።»

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የማሸጊያ ክፍሉ ሰዎች በሙሉ በሩ ፊት ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። ጭነት የሚጠብቁ መኪናዎች ግቢውን ሞልተው ሾፌሮቹ ክላክስ ያሰማሉ። ፎርማኑ መጥቶ ተቆጣ፤ የሰማው የለም። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወረደ።

«ለሁላችሁም ጥሩ ማስክ ይመጣላችኋል» አለ።

«ማስኩን እንቀበላለን» አለ ጋሽ ጆንያ ሳይነሣ። «አየሩንም ያጸዱልናል።»

«ክፍሉ ከተዘጋ እናንተው ናችሁ የምትጎዱት!»

«ይህን እኔም ለልጄ ነግሬአት ነበር፤ እርስዎ ሲሉት ግን ደስ አይልም።»

ሾፌሮቹ ክላክሳቸውን ደገሙት። ሥራ አስኪያጁ መኪናዎቹን አየ፣ የተቀመጡትን አየ፣ ፎቁን አየ። እስከ ምሳ ድረስ ሁለቴ ወርዶ ሁለቴ ወጣ። ሦስተኛ ሲወርድ የጥገናውን ኃላፊ ይዞ ነበር። የመሙያው አፍ በላሜራ ሊሸፈን፣ ከላዩ አቧራ የሚመጥ ማራገቢያ ሊገጠም፣ እስኪያልቅም ሠራተኞቹ ግቢ ውስጥ ሌላ ሥራ ሊይዙ ተስማሙ። ጋሽ ጆንያ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና አንድ ነገር ጨመረ፦ «ሲያልቅ እምቢዬ ትለካዋለች። እሷ ካልለካችው አንገባም።»

ሥራው ካሰቡት በላይ ጊዜ ወሰደ። ሰዉ በግቢ ሥራ ተሰላቸ፤ የመጀመሪያው ማራገቢያ ጉልበት አንሶት ተቀየረ፤ አንዳንዶቹም «ምን ጥልቅ አደረገን» ማለት ጀምረው ነበር። ተጠናቆ እምቢዬ ስትለካ ቁጥሩ እጅግ ወርዶ ተገኘ፤ በመስፊያው ማሽን ጥግ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነበር። ሁሉም ዓይን ዓይኗን ያያታል። የላቦራቶሪው ኃላፊ እንኳ ጠጋ ብሎ፣ «ብዙ ወርዷል እኮ፤ ይበቃል በይ» አላት።

«መስፊያው ጋ የሚቆመው ሰው ሌላ ሳንባ አለው እንዴ? አይበቃም» አለች። ለአንድ ሳምንት የገዛ አጎቷ ሳይቀር አኮረፋት። የጥገና ሠራተኞቹ መጥተው ጥጉ ላይ የተሰነጠቀውን ቱቦ ሲያገኙት ግን፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ አወራ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ዝቅ ሲል እውነተኛ ዝቅታ ሆነ፤ እሷም የተመለሰችበትን የአየር ለኪነት ሥራዋን ይዛ ደህና ነው አለች። ሥራ አስኪያጁ ደረጃ ላይ ሲያገኛት ሰላምታ ይሰጣታል፤ ከዚያ አልፎ አያነጋግራትም። እሷም አልናፈቃትም።

አጎቷ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሳሉ አልለቀውም። ሐኪሙ በወጣትነቱ ያጨሰውን ሲጋራም፣ አቧራውንም፣ ዕድሜውንም ጠቅሶ የትኛው እንደሆነ መናገር አልቻለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ አጎቷ፣ «ስሚ እስቲ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እኔ ውስጥ ስንት ገብቷል?» ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ግምትሽን።»

«የዚያን ጊዜ ወረቀቶች ተጥለዋል፤ የቀሩት ቁጥሮች ደግሞ ውሸት ናቸው። ማንም አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። እሱን ነው የወሰዱብህ።» በድምጿ ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ይበዛ ነበር። «ትንሽ ነው ብለሽ አጽናኚኝ ብትለኝ...»

«መች አጽናኚኝ አልኩሽ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ አቀበለችው። ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላትና፣ «ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ውስጥ የገባውን ግን ታውቂያለሽ አይደል?» አላት።

«የእያንዳንዳቸውን አውቃለሁ።»

«በቃ እሱ ይበቃኛል» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥቶ አያውቅም።

እምቢዬ ዛሬም እዚያው ናት። በቅርቡ ፋብሪካው አዲስ ወፍጮ አስተከለና ልኬት ተጠየቀች። ስትደርስ ወፍጮው ቆሟል፣ ወለሉ ውኃ ተረጭቶ ተጠርጓል፣ ፎርማኑ አዲስ ቱታ ለብሶ ይጠብቃታል። «አየሩ እንዴት ነው፣ ደስ አይልም?» አላት።

«ደስ ይላል። አስነሣው።»

«አሁን? እንግዶች ሊጎበኙ እየመጡ ነው እኮ። አንቺ እንዲሁ ለኪና፣ ማሽኑን ከሰዓት...»

«የቆመ ወፍጮ አልለካም። ሙሉ ጭነት አስገባና አስነሣው። እንግዶቹም ቢመጡ ማስክ አለኝ፤ እሰጣቸዋለሁ።»

ፎርማኑ ወደ ፎቁ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ የሚረዳው ሰው አልታየም። እሷ ፓምፑን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ማጣሪያውን ኮሌታዋ ላይ ሰካች፤ ማስኳን አጥብቃ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ አዲሱ ወፍጮ አፍ ፊት ቆመች። ፎርማኑ አንገቱን እየነቀነቀ ማስነሻውን ሳበው።